ስድስት ወር የሰራሁበት የታይሚንግ መብራት፦ ማዞሪያውን እርሱት፣ ብልጭታውን ያዙ

ይሄን ዕቃ ከገዛሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ያው ሽጉጥ የሚመስለው፣ የካንዴላ ገመድ ላይ የሚቆነጠጠው፣ ቃታውን ስትስቡት ብልጭ ብልጭ የሚለው ነው። ስራው ካንዴላው ቤንዚኑን የሚለኩስበት ቅጽበት (ታይሚንግ የሚባለው) ልክ መሆኑን ማሳየት ነው። ስሙን አልጠራም። አንዱ ዕቃ ቀለሙ ብቻ እየተቀየረ በብዙ ስም ስለሚሸጥ ብነግራችሁም ብዙ አይረዳችሁም። ዓይነቱን ግን ልንገራችሁ፦ በ12 ቮልት የሚሰራ፣ ዜኖን አምፖል ያለው፣ ጀርባው ላይ ከ0 እስከ 60 ዲግሪ የተጻፈበት ማዞሪያ ያለው። ዲጂታል አይደለም፤ ዙር አይቆጥርም። ለዙር ሌላ መለኪያ አለኝ።

መኪናዋ የ1968 ሞዴል ቮልስ ናት፣ 1300 ሞተር። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት የፋብሪካውን ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) አውጥቶ ቦሽ 009 ገጥሞላታል። ቮልስ የያዘ ሰው ይሄን ቁጥር ሲሰማ ወይ ፈገግ ይላል ወይ ይበሳጫል፣ መሃል ላይ የቆመ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። 009 ቫኪዩም (በሞተሩ የአየር መሳብ ታይሚንግ የሚያስቀድመው ክፍል) የለውም። የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስቀድመው ውስጡ ባሉ ሁለት ትናንሽ ክብደቶችና ስፕሪንጎች ብቻ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ታይሚንጉም አብሮ ይቀድማል። ለዚህ ነው ሚኒሞ (ሞተሩ ቤንዚን ሳይረገጥ ሲዞር) ላይ ብቻ ለክቶ ኮፈን መዝጋት የማያዋጣው። ዋናው ቁጥር ሞተሩ ከ3000 ዙር አልፎ ሲጮህ የሚደርስበት ነው። እሱ ደግሞ በዚህ ዲስትሪቢዩተር ከ28 እስከ 32 ዲግሪ መሃል ቢሆን ነው የሚመከረው።

ታይሚንግ የሚለው ቃል ገና ግራ የሚያጋባው ካለ በአጭሩ ላስረዳ። ቤንዚንና አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ሲለኮስ በአንዴ ቦግ ብሎ አያልቅም፤ ለመቃጠል ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ካንዴላው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት መተኮስ አለበት። ምን ያህል በፊት? እሱ ነው በዲግሪ የሚለካው። በጣም ከቀደመ እሳቱ ገና ወደ ላይ እየወጣ ያለውን ፒስተን ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ይግላል፣ ሲብስ ፒስተን ይበሳል። ከዘገየ ደግሞ ጉልበት የለም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሙቀቱ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ቮልስ ደግሞ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ የሙቀት ስህተት አይወድም።

መብራቱን የገዛሁት መኪናዋ ዳገት ላይ ስለደከመችብኝ ነው። ከዚያ በፊት የምወስድበት መካኒክ ታይሚንግ የሚያስተካክለው በጆሮው ነበር። ዲስትሪቢዩተሩን ይይዛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ያደርግና «በቃ፣ ይሄው» ይላል። አልቀልድበትም፤ ጆሮው ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ጆሮ ግን የሚሰማው ሚኒሞውን ነው። ታይሚንግ ሲቀድም ሚኒሞው ይጨምራል፣ ሞተሩ የነቃ ይመስላል፣ ስለዚህ በጆሮ የሚያስተካክል ሰው ሳያውቀው ወደ መቅደም ያደላል። ወይም የኔው እንደሆነው፣ እንዳይንኳኳ ፈርቶ ወደ መዘግየት።

አሁን ወደ ዕቃው። ከሳጥኑ ሲወጣ ያማረ ነው። አካሉ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ እጅ ላይ ይመቻል፣ አፉ ላይ ጎማ ስላለው ሞተር ላይ ቢያርፍ አይሰበርም። ሶስት ገመድ አለው፤ ቀይና ጥቁሩ ወደ ባትሪ፣ ሶስተኛው ቆንጣጩ ነው። ቆንጣጩ ከካንዴላ ገመዱ ጋር በሽቦ አይገናኝም፣ ገመዱን ከላይ አቅፎ የሚያልፈውን ኃይል ብቻ ያዳምጣል። ከድሮዎቹ የሚለየው በዚህ ነው። የድሮዎቹ ኒዮን መብራቶች ገመዱን ነቅላችሁ መሃል የምታስገቧቸው ነበሩ። ብርሃናቸውም ደካማ ስለሆነ ካልጨለመ ምንም አያሳዩም። ይሄኛው ቀን ይታያል። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ግን እኔም በካርቶን ጋርጄ ነው የማየው።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ የገመዱ ርዝመት ነው። የቮልስ ባትሪ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፦ የኋላ ወንበር ስር። ሞተሩ ደግሞ ከኋላ፣ ኮፈኑ ውስጥ። የዚህ ዕቃ ገመድ ከባትሪው ሞተሩ ጋ አይደርስም፣ አጠገቡም አይደርስም። ሞተሩ ፊት ለፊት፣ ባትሪው ከጎኑ ለሆነ መኪና በቂ ነው። ለኛ አይነቱ ግን ዲዛይን ያደረገው ሰው አላሰበልንም። መጀመሪያ ቀዩን ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ላይ ቁጥር 15 የተጻፈበት ጫፍ ላይ፣ ጥቁሩን የሞተሩ ብረት ላይ አያያዝኩ። ሰራ። ግን አልፎ አልፎ ብልጭታው ይዘላል፤ መብራቱ ይርገበገብና ይጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ከቦቢናው የሚመጣው ኃይል ንጹህ ስላልሆነ ይመስለኛል። ምክንያቱም አንዲት ትንሽ የሞተር ሳይክል ባትሪ አጠገቤ አስቀምጬ ሁለቱን ገመድ እሷ ላይ ሳደርግ ችግሩ ወዲያው ጠፋ። ቆንጣጭ ያለው መብራት ይሄ ጥቅም አለው። ኃይሉን ከየትኛውም 12 ቮልት ባትሪ ቢያገኝ ግድ የለውም። መኪናችሁ ባለ 6 ቮልት ከሆነ ደግሞ ይሄ ብቸኛው መንገዳችሁ ነው፤ ባለ 12 ቮልት መብራት በ6 ቮልት አይሰራላችሁም።

ቆንጣጩ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ ወደ ካንዴላው ማየት አለበት። ገልብጣችሁ ብትቆነጥጡት አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ የተሳሳተ ነገር ያሳያል፣ ይሄ ደግሞ ጨርሶ ካለመስራት ይከፋል። ሁለቱ ጥርሶቹ መሃል ቅባት ካለ በደንብ አይገጥሙም፤ ብልጭታ ይዘላል። በጨርቅ ጥረጉት። ሌሎቹ ገመዶች ላይ ተደግፎም እንዳይቀመጥ፣ የጎረቤቱን ብልጭታ ይሰርቃል። የቮልስ አንደኛ ሲሊንደር በስተቀኝ የፊተኛው ነው፤ ገመዱን የምቆነጥጠው ግን ታች ካንዴላው ጋ ሳይሆን ላይ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን አጠገብ ነው። ታች ይሞቃል፣ ፕላስቲክ ደግሞ ይቀልጣል። (የኔው አንድ ጥግ ትንሽ ተጨማዷል። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።)

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን። ሞተሩን አሙቄ፣ ፑሊው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው የቺንጊያ መንኮራኩር) ላይ ያለችውን ጎድጎድ በነጭ ቀለም ነክቼ፣ ማዞሪያውን 30 ላይ አድርጌ (ብልጭታውን በዚያ ልክ ያዘገያል፤ ታይሚንጉ 30 ከሆነ የዜሮው ምልክት መስመሩ ላይ ይታያል)፣ ሞተሩን ወደ 3400 ዙር አስጩሄ፣ ቃታውን ሳብኩ። የሚገርም ነገር ነው። የሚከንፈው ፑሊ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነጯ ነጥብ አየር ላይ ተንሳፋ ትታያለች። የዚህ ዓይነቱን የኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ለሚሽከረከር ማሽን የተጠቀመበት ሃሮልድ ኤጀርተን የሚባል ኢንጂነር ነው፤ 1931 ላይ፣ ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። እኔ ኮፈን ውስጥ አንገቴን ከትቼ ሳየው የተሰማኝን እሱም ተሰምቶት መሆን አለበት።

ነጥቧ ከመስመሩ ወዲህ ነበረች። ዲስትሪቢዩተሩን አላላሁ፣ ነጥቧ የሞተሩ ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት መስመር ላይ እስክትመጣ አዞርኩ፣ አጠበቅሁ። 30 ዲግሪ። ሚኒሞውም ጨመረ፣ መኪናዋም በአንድ ጊዜ የነቃች መሰለች። ደስ ብሎኝ አደርኩ።

በሶስተኛው ቀን ዳገት ላይ ቤንዚን ስረግጥ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። ጠጠር የተከተተበት ቆርቆሮ ሲነቀነቅ ያለው ድምፅ። እግሬን ሳነሳ ይጠፋል፣ ስረግጥ ይመለሳል። ይሄ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ዳገቱን አይጨርስም፣ ዳር ይዞ ይቆማል። እኔ ጨረስኩት፤ ሞኝነት ነው።

በመብራቱ ላይ ተናደድኩ። ማዞሪያው ውሸታም ነው፣ ገንዘቤን በላኝ አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብዬ ነገሩን ከስሩ ስፈትሽ ነው ጉዱ የወጣው። ፑሊዬ ላይ ሁለት ጎድጎዶች አሉ። እኔ የግራውን «ዜሮ» ነው ብዬ፣ ማለትም አንደኛው ፒስተን ጫፍ የሚደርስበት ነው ብዬ ነበር የቀባሁት። ማን ነገረኝ? ማንም። ዝም ብዬ ገመትኩ። የነዚያ ዘመን ቮልስ ፑሊዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዜሮ የሚባል ምልክት የለም። የግራዋ 7.5 ዲግሪ፣ የቀኟ 10 ዲግሪ ናት፤ ሁለቱም ከጫፉ በፊት። እኔ ማዞሪያውን 30 አድርጌ የ7.5ቱን ጎድጎድ መስመሩ ላይ ሳመጣ፣ በማዞሪያው ቁጥር ሞተሩን 37.5 ዲግሪ ላይ አድርጌው ነበር። ዳገት ላይ ያንኳኳችው ለዚህ ነው፣ ያውም ታግሳኛለች።

ስለዚህ ታይሚንግ ቤታችሁ ለማስተካከል ካሰባችሁ የመጀመሪያው ስራ መብራት መግዛት አይደለም። ፑሊያችሁ ላይ ያለው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። በተለይ ፑሊው በኋላ የተቀየረ ከሆነ። በአንዳንድ ሌሎች አሮጌ መኪኖች ደግሞ የፑሊው ውጪኛ ቀለበት በጎማ የተጣበቀ ነው፤ ጎማው ሲያረጅ ቀለበቱ ይንሸራተትና ምልክቱ አብሮት ይሄዳል። ፋብሪካ የቀረጸው መስመር ሳይቀር ይዋሻል ማለት ነው።

እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው። አንድ አሮጌ ካንዴላ ሆዱን አውጥቼ መሃሉ ጫፉ የዶለዶመ ብሎን አስገባሁበት። ባትሪውን ፈታሁ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ አወጣሁ፣ ይሄን የፒስተን ማቆሚያ አንደኛው ሲሊንደር ላይ አሰርኩ። ከዚያ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዤ ሞተሩን በእጄ ቀስ አድርጌ አዞርኩ። በሞተሪኖ (በሞተር ማስነሻው) ሞክራችሁ ፒስተን እንዳትሰብሩ፤ በእጅ፣ በቀስታ። ፒስተኑ ብሎኑን ሲነካ ይቆማል። መስመሩ ትይዩ ፑሊው ላይ በእርሳስ ምልክት። በተቃራኒው እስኪነካ ማዞር፣ ሌላ ምልክት። የሁለቱ ምልክቶች ትክክለኛ መሃል እውነተኛው ጫፍ ነው፣ ዜሮ። በካንዴላው ቀዳዳ ዱላ ከትቶ «አሁን ላይ ደረሰ» ማለት አይሰራም፤ ጫፉ አካባቢ ፒስተኑ ብዙ ዲግሪ ሙሉ ቆሞ የሚውል ነው የሚመስለው።

አሁን ሂሳብ። የኔ ፑሊ ዲያሜትሩ 175 ሚሊ ሜትር ነው። በ3.14 ሲባዛ ዙሪያው 550 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለ360 ሲካፈል አንድ ዲግሪ 1.53 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወረቀት ቆርጬ ከዜሮዬ እስከ ግራዋ ጎድጎድ ለካሁ፦ 11.5 ሚሊ ሜትር። 7.5 ዲግሪ፣ ንቅንቅ የለም! ያን ጊዜ ነው መብራቱን በልቤ ይቅርታ የጠየቅኩት። ከዚያ ከዜሮው ወደ ቀኝ 46 ሚሊ ሜትር ለክቼ ሌላ መስመር ቀባሁ፤ እሱ 30 ነው። ወደ ቀኝ የሆነው ፑሊው ከኋላ ሆነን ስናየው በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር ነው፤ ቀድሞ መስመሩ ጋ መድረስ ያለበት በቀኝ በኩል ያለው ነው። የናንተ ፑሊ ሌላ ስፋት ካለው የኔን 46 አትገልብጡ፣ የራሳችሁን ለኩ።

ይቅርታ ጠየቅኩ አልኩ እንጂ ማዞሪያው ሙሉ በሙሉ ነጻ አልወጣም። አሁን ሁለት እውነተኛ መስመር ስላለኝ ልፈትነው ቻልኩ። ማዞሪያውን ዜሮ አድርጌ፣ በ3400 ዙር የ30 መስመሬ በትክክል መጋጠሚያው ላይ እስኪያርፍ ዲስትሪቢዩተሩን አስተካከልኩ። ከዚያ ምንም ሳልነካ ማዞሪያውን ቀስ እያልኩ የዜሮው መስመር እስኪመጣ አዞርኩ። ማዞሪያው 30 ማለት ነበረበት። 33 አለኝ። ሶስት ጊዜ ደገምኩት፤ 33፣ 33፣ 32 ተኩል። ሚኒሞ ላይ ግን ልዩነቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን አስቡት። ማዞሪያው የሚሰራው ብልጭታውን ሆን ብሎ በማዘግየት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 900 ዙር ሲሄድ አንድ ዲግሪ ማለት የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ 185 ጊዜ ነው፤ በ3400 ዙር ወደ 49 ይወርዳል። መብራቱ ፍጥነቱን ካለፉት ብልጭታዎች ገምቶ ያንን ቁራጭ ጊዜ መቁጠር አለበት። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ርካሽ ማዞሪያ ነው፣ ከጎኑ ቁጥር የታተመበት ወረቀት የተለጠፈበት። ለ3 ዲግሪ ስህተት ብዙም አልገረመኝም። ቁጥሩን ግን እንደ ወንጌል ለሚያምን ሰው 3 ዲግሪ ብዙ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ማዞሪያው ትርፍ ነው። ዜሮ ላይ አድርጋችሁ እርሱት። ማዞሪያ የሌለው፣ ቆንጣጭ ያለው፣ ቀላሉ ዓይነት መብራትና ፑሊው ላይ በእጃችሁ የለካችሁት መስመር ከዚህ ይሻላሉ። ብልጭታው ራሱ፣ ማዞሪያው ዜሮ ላይ ሲሆን፣ አያታልልም። የኔን እንዲህ ያወደስኩት ለእሱ ነው። ብርሃኑ ጥርት ያለ ነው፣ መስመሩን ቀጭን አድርጎ ያሳያል፣ በስድስት ወር አንድ ጊዜም አልተበላሸም።

ማስተካከያውን ራሱን ብዙ አላወራበትም፣ ቀላል ነው። ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡ፦ ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሲከፈት ብልጭታውን የሚያስነሳው መገናኛ) መጀመሪያ፣ ታይሚንግ በኋላ። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱን ስታሰፉት ፑንቲናው ቀድሞ ይከፈታል፣ ታይሚንጉም አብሮ ይቀድማል። ታይሚንግ አስተካክሎ ጨርሶ ፑንቲና የሚነካ ሰው ስራውን አፈረሰ ማለት ነው። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን አንገት የያዘችውን ብሎን በ10 ቁልፍ ትንሽ ብቻ አላሉ፤ በእጅ ሲገፋ የሚዞር፣ ሲለቀቅ ባለበት የሚቆም። በሰዓት አቅጣጫ ስታዞሩት ይዘገያል፣ በተቃራኒው ይቀድማል። እና ትንሽ! ዲስትሪቢዩተሩ የሚዞረው በክራንክ ሻፍቱ (በዋናው የሞተር ዘንግ) ግማሽ ፍጥነት ነው፤ 7.5 ዲግሪ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚዞረው አራት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በዓይን የማይታይ ነው የሚመስለው። ካጠበቃችሁ በኋላ ደግሞ እንደገና እዩ፣ ሲጠብቅ ይንቀሳቀሳል። ቫኪዩም ያለው ዲስትሪቢዩተር ከሆነ የአምራቹ መመሪያ ቱቦውን ንቀሉ ካለ ንቀሉና ጫፉን ድፈኑ፤ 009 ግን ቱቦም የለው፣ ጣጣም የለው።

ይሄን ሁሉ አንብቦ «መብራቱ ባይኖረኝስ?» ለሚል፣ አለ መንገድ። አንድ ባለ 12 ቮልት አምፖል፣ ሁለት ሽቦ። አንዱን ጫፍ ቦቢናው ላይ ቁጥር 1 የተጻፈበት፣ ሌላውን ብረት ላይ። ሞተሩ ቆሞ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ የ7.5 ጎድጎድ መስመሩ ላይ ሆኖ፣ ሮተሩ (ክዳኑ ስር የሚዞረው) ዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን የአንደኛ ሲሊንደር ጭረት እያየ፣ ዲስትሪቢዩተሩን ቀስ አድርጋችሁ ታዞራላችሁ። አምፖሉ በበራባት ቅጽበት ፑንቲናው ተከፈተ ማለት ነው፣ እዚያው ማሰር። ቁልፉን ከፍታችሁ ብዙ አትቆዩ፤ ቦቢናው ይግላል። ለብዙ ሰው ይሄ ይበቃዋል። መንገድ ላይ ብትቀሩም ያወጣችኋል።

ግን አምፖሉ ቆሞ ያለ ሞተር ነው የሚያሳያችሁ። መብራቱ የሚሄደውን ያሳያል፤ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። ቤንዚን ቀስ እያላችሁ ስትሰጡ ነጩ መስመር ቀስ እያለ መሸሽ አለበት፣ እግራችሁን ስታነሱ ደግሞ ወደ ቦታው መመለስ። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ክብደቶቹ ውስጡ ደርቀው ተጣብቀዋል። ሄዶ ለመመለስ ከሰነፈ ስፕሪንጎቹ ደክመዋል። ባለበት ከተንቀጠቀጠ፣ ሁለት ሶስት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ካለ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ማረፊያው ላይ ላልቷል፤ ፑንቲናው በእያንዳንዱ ዙር ሌላ ቦታ ላይ ይከፈታል። የኔ መስመር ሚኒሞ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል። ክዳኑን አውጥቼ ሮተሩን ወደ ጎን ስገፋው ዘንጉ ሲነቃነቅ ተሰማኝ። ስንት ጊዜ ካርቡራቶሩን የወቀስኩት በሱ ኃጢአት ነው! ይሄን ጆሮም አምፖልም አይነግራችሁም።

ስለ አደጋው ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ብልጭታው የሚዞረውን ነገር የቆመ ያስመስላል። ቺንጊያውም ፑሊውም ፀጥ ብለው ቆመው ይታዩአችኋል፤ እጅ ደግሞ ዓይን ያየውን ያምናል። እኔ አንዴ ቀለም የፈሰሰበትን ልጠርግ እጄን ዘርግቼ መሃል መንገድ ላይ ነው የነቃሁት። እጅጌያችሁን ሰብስቡ፣ የአንገት ሐብል አውልቁ፣ የመብራቱን ገመድ ከቺንጊያው አርቁ። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ። ሞተር የሚሰራበት ቦታ ክፍት ይሁን፤ ጭሱ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ይሄን ስራ ለሌላ ይስጥ። 900 ዙር ላይ መብራቱ በሰከንድ ሰባት ተኩል ጊዜ፣ 3000 ላይ 25 ጊዜ ነው የሚበራው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው አደገኛ ፍጥነት ነው።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች። ቃታው መቆለፊያ የለውም፣ ጣት ያደክማል፤ ያለማቋረጥ ከተያዘ ደግሞ እጀታው ይሞቃል፣ በየመሃሉ አሳርፉት። የቆንጣጩ ገመድ ተነቃይ መሆኑን ወድጄዋለሁ። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ አንድ ገጽ ነው፣ ስለ ፑሊ ምልክት አንድ ቃል የለበትም። እሱን ብቻ አይቶ የሚሰራ ሰው የኔን ስህተት ይደግመዋል።

ከአስር ሰባት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ለማዞሪያው፣ አንዱን ለገመዱ። ማዞሪያ የሌለውን ታናሽ ወንድሙን ብገዛ ኖሮ ከገመዱ በቀር የምናገረው አልነበረኝም። ስራዬን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ 30 ዲግሪ በ3400 ዙር፣ ሚኒሞ ላይ ወደ 8 ገደማ ሆናለች። ያ ጠጠር የመሰለው ድምፅ ጠፍቷል፣ በዚያው ዳገት በሶስተኛ ማርሽ ወጥታለች። 009 ከሚኒሞ ወደ ላይ ሲነሳ ያለው መደናቀፍ ግን አለ፤ ያ የዲስትሪቢዩተሩ ጠባይ ነው፣ በመብራት የሚስተካከል አይደለም። አሁን ቀሪው የላላው ዘንግ ነው። ማረፊያውን ከማስቀየርና የድሮውን ባለ ቫኪዩም ዲስትሪቢዩተር ፈልጎ ከመመለስ የቱ እንደሚሻል የሞከረ ካለ ይንገረኝ፤ ዲስትሪቢዩተሩን ነቅዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።